ከማዶ የተማረችው ካርታ

ይህችን ሴት በቅጡ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ፀጉሬን ጥቂት ጊዜ አጥባኛለች፤ አንዳንድ ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ የጠየቅኳትን ባጭር ባጭሩ መልሳልኛለች። የቀረውን የነገሩኝ ሳሎኑ ውስጥ አብረዋት የሚውሉት ናቸው። እነሱም ያልነገሩኝን እንደመሰለኝ ሞልቼዋለሁ። ሌላ ሰው ቢጽፈው የተሻለ ይወጣለት ይሆናል፤ ግን የጻፈው የለምና እኔው ልሞክረው።

ጭምቷ ይሏታል። ሥራዋ የሰው ጭንቅላት ማጠብ ነው። ከሳሎኑ ጀርባ፣ ፎጣ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር፣ አንገት የሚደገፍበት ገንዳ አለ። ደንበኛዋ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ትንጋለላለች፤ ጭምቷ ከገንዳው በስተጀርባ ትቆማለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምታየው ፊት የተገለበጠ ፊት ነው። አገጭ ከላይ፣ ግንባር ከታች። ከመልመዷ የተነሳ የተገለበጠ ፊት ሲቀየምም ሆነ ሳቁን ሲያፍን አትሳሳትም። ሴቶቹ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ለብ ያለው ውኃ ሲወርድባቸው አንደበታቸው ይፈታል። ባልም፣ አማትም፣ አለቃም፣ ጎረቤትም እዚያ ገንዳ ውስጥ አብረው ይታጠባሉ። ጭምቷ “እህ” ትላለች። ነገሩ ሲከብድ “አይዞሽ” ትላለች። በቃ፣ ከዚህ የበለጠ ቃል ከአፏ የሰማ የለም። አርባ ዓመቷን እስክትሻገር ድረስ ሰው ስታዳምጥ እንጂ ሰው ሲያዳምጣት አልታየችም።

ስለ ራሷ እንድታወራ ስጠይቃት አስቀድማ የነገረችኝ ስለምታመሰግናቸው ሰዎች ነው። የመጀመሪያዋ ስልከኛዋ ናቸው።

ስልከኛዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ጭምቷ እሁድ እሁድ ቤታቸው እየሄደች ታጥባቸው ጀመር። ፀጉራቸው እስኪደርቅ ድረስ እሳቸው ጠረጴዛው ላይ ካርታ ይዘረጋሉ። የቁማር ካርታ አይደለም፤ ታሮት የሚሉት፣ ንጉሥና ንግሥት፣ ጨረቃና ፀሐይ፣ ግንብና ኮከብ የተሣለበት ነው። ሰው ጥያቄውን ያቀርባል፣ ካርታው ይበወዛል፣ ይዘረጋል፣ አንባቢዋም ከሥዕሉ ተነስታ ታወራለች። የስልከኛዋ ካርታ አሮጌ ነው። ጠርዙ ተበልቷል፤ ጽሑፍ የሚባል ነገር የለበትም።

“የወደፊቱን የሚያውቅ ካርታ የለም” ይሏት ነበር። “እኔ ሥራዬ ማገናኘት ነበር፤ ይኸም ያው ነው። ሰውየውን ከራሱ ጋር ታገናኚውና ከመስመሩ ትወጫለሽ። ቆመሽ ወሬ አትስሚበት።”

ጭምቷ ከማዶ ተቀምጣ ታያለች። ለእሷ ያነቡላታል፤ ለጎረቤት ያነባሉ፤ አንዳንዴ በሩን ለሚያንኳኳ ፖስተኛም ያነባሉ። እሷ አትጠይቅም፤ ታያለች። “ይኸኛው ቀና ነው” ሲሉ ሥዕሉ እንዴት እንደተኛ ልብ ትላለች፤ “ይኸኛው ተገልብጧል፣ ተጠንቀቂ ይልሻል” ሲሉም እንዲሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ እሁዶቹ ሲደራረቡ ካርታዎቹን በመልካቸው ለየቻቸው።

ስልከኛዋ ሌላ ከተማ ወዳለው ልጃቸው ሲጠቃለሉ ካርታውን በሻሽ ጠቅልለው ሰጧት።

“ለእኔ? እትዬ፣ እኔ ምን አውቄ?”

“የምታውቂውን ታውቂያለሽ። የቀረውን ከአፍሽ ሲወጣ ትሰሚዋለሽ” አሏትና ሳሟት።

ቤቷ ወስዳ የዘረጋችው ለባሏ ነው። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀልድ ይወዳል።

“እ… መንገድ ይታየኛል” አለች ጭምቷ። “ይመስለኛል።”

“ሴትዮ፣ ሹፌር ነኝ እኮ! መንገድማ መች ጠፋ? ጎማው የሚፈነዳበትን ቀን ንገሪኝና ልገላገል።”

ሳቀባት፤ እሷም ሳቀች። ግን በነጋታው ጠዋት ሻዩን ይዞ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠና “እስቲ የዛሬውን አውጪልኝ” አላት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አንዲት ካርታ ታወጣለታለች፤ እሱም ሥራ እንዳይረፍድበት እየተጣደፈ ይሰማታል። “ያላመነበትን ነገር እኮ ነው በትዕግሥት የሚሰማኝ” ብላኛለች። ይኼንንም ውለታ ትለዋለች።

ሳሎን ውስጥ ነገሩ የታወቀው ካርታው ከሽርጧ ኪስ ወድቆ ነው። ባለሳሎኗ አነሳችው።

“ምንድነው ይሄ? ቁማር ጀመርሽ እንዴ፣ አንቺ ጭምት?”

“የለም… የስልከኛዋ ነው። ይነበባል።”

“ማን ያነበዋል?”

ጭምቷ ሽርጧን ማስተካከል ያዘች። ባለሳሎኗ ደግሞ ዝም ያለ ሰው አትወድም፤ ጎትታ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀመጠቻት፤ ራሷ ከፊቷ ተቀመጠች። ሳሎኑ ጭር ያለበት ሰዓት ነበር።

“በይ አንብቢልኝ። ታናሽ እህቴን ልመልሳት ወይስ ይቅርብኝ?”

የእህትየዋን ነገር በዚያ ሠፈር የማያውቅ የለም። ከዓመታት በፊት ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን በሬዲዮ ድምፅ ተጀምሮ በእናታቸው ውርስ ያከተመ ጠብ ተነሳና፣ ታናሽየዋ የደንበኛዋን ፀጉር ግማሹን ቆርጣ ግማሹን ሳትቆርጥ ትታ ወጣች። ወጥታም ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሳሎን ገባች። ደንበኞች ተከተሏት። ባለሳሎኗ ከዚያ ወዲህ በዚያኛው የእግረኛ መንገድ አልሄደችም። አሁን ያኛው ቤት ተዘግቶ ታናሽየዋ “ልመለስ?” ብላ በሰው ልካለች።

ጭምቷ በወዘች፤ ዘረጋች። ሰይፍ የያዘች ንግሥት ወጣች። በሩ የተከፈተ ቤት ወጣ። ጽዋ የሚቀባበሉ ሁለት ሰዎች ወጡ። ሦስቱንም እያየች ከስልከኛዋ ጠረጴዛ እንደለመደችው አነበበቻቸው፤ ሦስቱም ደግ ሆኑላት። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ “ይመስለኛል” ሳትል “በሩ ክፍት ነው፤ ትግባ” አለች።

ባለሳሎኗ በማግሥቱ ለእህቷ ደወለች። ታናሽየዋ መጣች፤ መስኮቱ አጠገብ ጥፍር መሥራት ጀመረች። ሁለቱ ዛሬም በሬዲዮው ድምፅ ይጨቃጨቃሉ። ግን ቤቱ ሳቅ ሞላው። ባለሳሎኗ በዚህ ደስታዋ ከጥፍር መሥሪያው ጎን ትንሽ ክብ ጠረጴዛ አስቀመጠችና ጭምቷን ጠራቻት።

“ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ይኼ ያንቺ ነው። ለአንድ ወር እንሞክረው። ሰው ከወደደሽ ትቀጥያለሽ፤ ካልወደደሽ ወደ ገንዳሽ። አንድ ነገር ብቻ ልምከርሽ። ያቺን ‘ይመስለኛል’ሽን ቤትሽ ትተሻት ነይ። ሰው ስታጥቢ ‘ውኃው ሞቅ ብሏል ይመስለኛል’ ትያለሽ እንዴ?”

ለሌላ ሰው ይኼ ጠረጴዛ ምንም ላይመስል ይችላል። ለጭምቷ ግን ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ የምታወራበት የመጀመሪያ ቦታዋ ነበር። ከዚያ ከተነሳች ዳግመኛ አፏን እንደማትከፍት ታውቀዋለች። ራሷን ታውቃለቻ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ጥሩ አልነበረም። መዳፏን ላብ አጠመቀውና ካርታዎቹ እርስ በርስ ተጣበቁ። አንዲት ወጣት “አገባለሁ ወይ?” ብትላት “እንጃ” አለቻት።

ታናሽየዋ የያዘችውን ጣት ለቅቃ በሳቅ ፈረሰች። “‘እንጃ’ የምትል አዋቂ! እህቴ፣ ይቺን ከየት አመጣሻት?”

ሲስቁባት ግን ወጣቷም አብራ ሳቀች፤ ስቃም አልተነሳችም። ጭምቷ ከዚያ አንድ ነገር ተማረች። የምትለው ሲጠፋት ሥዕሉን ትናገራለች። “ይቺ ሴት እጇ ላይ ወፍ አለ፤ ወፉ ግን አልታሰረም።” ይህን ብላ ትጠብቃለች። ሰዎቹ የቀረውን ራሳቸው ያመጡታል። ደግሞም ፊታቸው ቀጥ ብሎ ከፊቷ አለ፤ ቅንድባቸውን ከታች ወደ ላይ መፈለግ የለባትም። አንዲት ልብስ ሰፊ በሌላ ማክሰኞ ተመልሳ መጥታ ሁለት እጇን ያዘቻትና “ያልሽኝን አደረግኩት፤ ተመስገን” ብላት ሄደች። ምን እንዳለቻት ጭምቷ አታስታውስም። ያን ማታ ቤቷ ገብታ ለባሏ “ዛሬ ተቀምጬ ዋልኩ” አለችው። እሱም አልቀለደም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ በመጨረሻው ማክሰኞ፣ አዋላጇ መጡ። ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ የሠፈሩን ግማሽ ሕዝብ የተቀበለው እጃቸው ነው ይባላል። ቢጎዲን የሚሉት የፀጉር መጠቅለያ በራሳቸው ሙሉ ተጠምጥሞ ካስክ ውስጥ ቆይተው ነበርና ሰልችቷቸው ወደ ክቧ ጠረጴዛ መጡ።

“እስቲ ለእኔም በይልኝ፣ ልጄ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የሬዲዮ መጠገኛ ክፍሉ ተቆልፎ ነው ያለው። የእህቴ ልጅ ማረፊያ አጥታ ‘ስጪኝ’ ትለኛለች። ልክፈተው ወይስ ይቆይ?”

ጭምቷ ዘረጋች። መሃል ላይ የወጣውን ካርታ ስታይ ፈገግ አለች፤ የምትወደው ካርታ ነበር። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሌላውን እግሩን አጥፎ፣ እጁን ወደ ኋላ ያደረገ ሰው።

“ጨፋሪው ወጣልዎ፣ እማማ። እዚህ ጋ ደስታ አለ፣ እንቅስቃሴ አለ…”

አዋላጇ መነጽራቸውን ከደረታቸው አንስተው ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ጎንበስ አሉ።

“ማነው ጨፋሪው?”

“ይኼ፣ በአንድ እግሩ የቆመው።”

“ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ተሰቅሏል እኮ!”

“እህ?”

“ገመዱን አታይም? እግሩ ላይ የታሰረውን? በገመድ ታስሮ የሚጨፍር ማን አለ? እኔ በእግሩ የሚመጣ ልጅ ስንቱን ተቀብያለሁ፤ የተዘቀዘቀና ያልተዘቀዘቀ ሰው አይጠፋኝም። ታላቅ እህቴ ታነብ ነበር፤ ከጎኗ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። ይኼ ካርታ ቀና ሲሆን ሰውየው ቁልቁል ይሰቀላል። አንቺ ጋ አሁን ቆሞ ከታየሽ የተገለበጠ ነው ማለት ነው። ለመሆኑ ካርታ ቀና ነው የምትይው እንዴት ሲሆን ነው?”

ጭምቷ ንጉሡን አንስታ አሳየቻቸው። ራሱ ወደ እሷ፣ እግሩ ወደ አዋላጇ።

“እሱማ ላንቺ ተገልብጧል!” አሉ አዋላጇ። “ቀና ማለት ለአንባቢዋ ቀጥ ብሎ ሲታያት ነው። ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ? የት ተቀምጠሽ ነው የተማርሽው?”

“ከማዶ” አለች ጭምቷ።

ከማዶ። እሁድ ሁሉ ከስልከኛዋ ትይዩ ተቀምጣ፣ ለእሳቸው የቀናው ለእሷ ተገልብጦ፣ ለእሳቸው የተገለበጠው ለእሷ ቀንቶ ሲታያት ኖሯል። ወንበሩን ስትቀይር ዓይኗን አልቀየረችም። ወሩን ሙሉ ደጉን ክፉ፣ ክፉውን ደግ እያለች ነው ያነበበችው።

ባለሳሎኗ በእጇ የያዘችውን የፀጉር ማድረቂያ ፎን አጠፋች። 

“ቆይ… ቆይ እስቲ። የእኔስ? የእኔም እንዲሁ ነው የተነበበው?”

ጭምቷ ካርታዎቹን አየች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

“አሃ!” አለች ታናሽየዋ የጥፍር ቀለም ብሩሿን አየር ላይ አንጠልጥላ። “እንግዲህ እኔም እዚህ ቤት የገባሁት በእግሬ ሳይሆን በጭንቅላቴ ነዋ!”

ቀልዷን የተቀበላት የለም። እሷም ሳቋን ሳትጨርስ ብሩሹን አስቀመጠች። ከእህቷ ፊት ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

ጭምቷ ገንዳውን አየችው። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። እዚያ ብትገባ ማንም አይከተላትም፤ ውኃውን ከፍታ አንገቷን ደፍታ መኖር ትችላለች። እንዴት እንዳልተነሳች ስጠይቃት “እግሬ እንቢ አለኝ” ነው ያለችኝ። እኔ ግን ሌላም ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የተናገረችውን ካስክ ሥር የነበሩት ሁሉ ሰምተውታል።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ” አለቻቸው። “ባይነግሩኝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ገልብጬ ላነብ ነበር። ከፈቀዱልኝ የእርስዎን እንደገና ልየው።”

“ፀጉሬ መች ደርቆ፤ ጊዜማ ሞልቶኛል” አሉ አዋላጇ፣ ወንበሩን እየሳቡ።

ካርታዎቹን አላነሳቻቸውም። እንደተዘረጉ፣ አንድ በአንድ፣ ከፊተኛው ጀምራ በአዲስ ዓይን አየቻቸው። ረጅም ጊዜ ፈጀባት። የሚስቅባት አልነበረም። መሃል ላይ ስትደርስ ሰውየው ላይ ቆየች።

“እኔ ጋ የቆመ ይመስላል፤ መፈታት ፈልጎ የተነሳ ይመስላል። ግን እግሩ ከገመዱ አልወጣም። ፊቱን ይዩት እስቲ፤ አልከፋውም። ማን ነው ያሰረው?”

አዋላጇ ካርታውን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ከሸሚዛቸው ውስጥ በክር ያንጠለጠሉትን ቁልፍ አወጡት።

“እኔ ነኛ” አሉ። “ሌላ ማን ያስረዋል? አንገቴ ላይ አስሬው ነው የምተኛው።”

ጭምቷ ምንም አልጨመረችም። “ይክፈቱት” አላለችም፤ “ይቆይ”ም አላለችም። ከመስመሩ ወጣች። አዋላጇ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቆይተው አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉና ተነሱ።

“በሚመጣው ማክሰኞ የእህቴን ልጅ ይዣት እመጣለሁ። ለእሷም እንዲሁ ታዪላታለሽ፤ ብቻ ሳትቸኩይ” አሉ። ቢጎዲናቸውን ሊያስፈቱ ሄዱ።

ሳሎኑ ሥራውን ቀጠለ። ፎኑ ጮኸ፤ ሬዲዮው ተከፈተ፤ ታላቅየዋ “ቀንሺው!” አለች፤ ታናሽየዋ ግን ሳትከራከር ቀነሰችው። ይኸንን ያስተዋሉት ሁሉ ክፉ ምልክት ነው ብለው ፈሩ።

ጭምቷ የቀረውን ከሰዓት ጭንቅላት አጠበች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። የባለሳሎኗን ካርታዎች አልረሳቻቸውም። ሰይፍ የያዘችው ንግሥት፣ በሩ የተከፈተው ቤት፣ ጽዋ የሚቀባበሉት ሁለቱ። አንድ በአንድ በሐሳቧ እያዞረች አቀናቻቸው፤ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፤ አነበበቻቸው።

ደንበኞቹ ሲያልቁ ታናሽየዋ ብሩሾቹን ልታጥብ ወደ ጓዳ ገባች። ባለሳሎኗ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መጣችና ክቧ ጠረጴዛ ጋ፣ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በእጇም ጭምቷን ወደ ፊት ለፊቱ ወንበር አመለከተቻት።

“ተቀመጪ። ቀኑን ሙሉ ሰው ተገልብጦ ስታይ የምትውል ሴት ካርታውን አቅንታ ታንብብ ማለቴ የእኔ ጅልነት ነው” አለች። መሳቅ ጀመረች፤ ጭምቷም ቀስ ብላ ሳቀች።

“ጠረጴዛው ያንቺ ነው፤ እሱን ተይው” አለች ባለሳሎኗ ሳቋን ስትጨርስ። “አዋላጇ ምን ሆነው እንደሄዱ አይቻለሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? የደወልኩላት ካርታሽ ስለነገረኝ ብቻ አይደለም። ልደውል ስል፣ ስልኩን ሳነሳ ሳስቀምጥ ነበር የከረምኩት። የሚገፋኝ ሰው ነው ያጣሁት፤ አንቺ ገፋሽኝ። ለዚህ አመሰግንሻለሁ።”

“እኔ ነኝ የማመሰግነው” አለች ጭምቷ።

ከጓዳ የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ ታናሽየዋ በለሆሳስ ታንጎራጉራለች። ባለሳሎኗ አንድ ጊዜ ወደዚያ ዞራ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጎንበስ አለች።

“አሁን ግን አውቅሻለሁ። ከሰዓቱን ሙሉ ስታስቢው ነበር፤ የእኔን ካርታ በሐሳብሽ አቅንተሽ አንብበሽዋል። ዋሸሁ?”

“አንብቤዋለሁ።”

“እና? በቀናው በኩል ምን ይል ነበር?”

ጭምቷ ካርታውን በሻሹ ጠቀለለች። ጠቅልላ ስታበቃ ቀና ብላ አየቻት።

“አልነግርሽም።”